የችግረኛ ልጆች ስም በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም!



በመጪው እሑድ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ በእድሩ አዳራሽ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ከኪሳቸው የሚያዋጡ፣ ለሰፈሩም የሚደክሙ ናቸው። ያሉትም ይህን ነው፤ ለአዲሱ የትምህርት ዘመን ማኅበሩ ደብተር፣ ቦርሳና ጫማ የሚገዛላቸው ልጆች ስማቸው ከነወላጆቻቸው ስምና ከነቤት ቁጥራቸው ተዘርዝሮ በዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለአንድ ሳምንት ይለጠፍ፤ ተቃውሞ ያለው ያቅርብ፤ ከዚያም በሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ልጆቹ በየተራ ስማቸው እየተጠራ፣ እየተጨበጨበና ፎቶግራፍ እየተነሣ ርዳታው ይሰጣቸው።

እኛ የማኅበሩ የትምህርት ንዑስ ኮሚቴ አባላት ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። በሹክሹክታ ሳይሆን ጮክ ብለን እንቃወማለን። የምንቃወምበትንም ምክንያት እሑድ በአምስት ደቂቃ የመናገሪያ ጊዜ አንጨርሰውምና እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን። ቆማችሁ የምታነቡ ታገሡን።

በመጀመሪያ አንዲት ልጅ እናስተዋውቃችሁ። ማን እንደሆነች ለማወቅ ግን ጣታችሁን አትቁጠሩ፤ በየበሩም አትዙሩ። የሦስት የአራት ልጆችን ኑሮ አንድ ላይ ሰፍተን ነው ያቀረብነው፤ አንዳንዱንም ነገር ሆን ብለን ለውጠነዋል። ወሬ ፈላጊ ካለ ከአሁኑ ቁርጡን ይወቅ።

ይህች ልጅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የምትኖረው ከእናቷና ከሁለት ታናናሾቿ ጋር ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። እናቷ ጧት እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ድንች ትሸጣለች። አባት የለም። ለምን እንደሌለ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ልጅቷ ጧት ከቤት ስትወጣ በቀጥታው መንገድ አትሄድም። በጓሮ ዞራ፣ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ በር በኩል አድርጋ ነው ወደ አስፋልቱ የምትወርደው። ጓደኞቿ የሚያውቁት ሦስተኛ ፎቅ እንደምትኖር ነው። ማታ አብረዋት ሲመጡ ደረጃው ሥር ትሰናበታቸውና ሁለት ፎቅ ትወጣለች፤ እስኪርቁም ጠብቃ ትወርዳለች። የግቢው ጥበቃ ያውቃታል። አንድም ቀን «ወዴት ነሽ?» ብሎ አላጋለጣትም። በዚህ ሰሌዳ ላይ ስሙ ተለጥፎ ሊመሰገን የሚገባው ሰው ካለ እሱ ነበር፤ ግን እሱም አይፈልግም።

ዩኒፎርሟ አንድ ነው። ማታ ማታ ታጥበዋለች፤ ክረምት ሲሆን ከከሰል ምድጃው አጠገብ አንጠልጥላ ታደርቀዋለች። በዚህ የተነሣ ሸሚዟ ጭስ ጭስ ይላል። ስለዚህ መስኮት ሥር መቀመጥ ትመርጣለች፤ ከጠየቋትም «እማዬ ዕጣን ማጨስ ትወዳለች» ትላለች። ምሳ ዕቃ ይዛ ትሄዳለች፤ ባዶውን። ማንኪያው ውስጡ እንዳይንኳኳ በጨርቅ ትጠቀልለዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ «ጾም ነኝ» ትላለች። ረቡዕና ዓርብ ደኅና ነው፤ በዐቢይ ጾምም ደኅና ነው። ታዲያ በፍስክ ማክሰኞ ምን ትሁን? «የነፍስ አባቴ ያዘዙኝ ነው» አለች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ምን ያህል ኃጢአት ቢኖርባት ነው ብሎ የጠየቀ መምህር አልተገኘም።

የቤት ሥራ በቴሌግራም ሲላክ ስልኳ «ተሰርቆባታል»። ለፎቶ ኮፒና ለፈተና ወረቀት መዋጮ ሲጠየቅ «ነገ አመጣለሁ» ትላለች፤ ነገም ትቀራለች። በወር ውስጥ ሦስት አራት ቀን ደግሞ ጭራሽ አትመጣም። ምክንያቷ የራስ ምታት ነው። እናቶች ይህ የራስ ምታት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሞዴስ ዋጋ ስንት እንደደረሰም ሱቅ የምትወርዱ ታውቃላችሁ፤ አባቶችም ብታውቁ ነውር የለውም።

የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ «እናቴ ቤይሩት ናት» ብላለች። እውነት እናቷ ቤይሩት ያለች ሌላ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ አለች። ያችኛዋ ጫማዋ ጥሩ ነው፤ እናቷን ካየች ግን ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱ ልጆች እውነቱን አውጥተው ቢነጋገሩ ምን ይባባሉ ነበር? እሱ የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው።

ከሁሉ የከበደንን እንንገራችሁ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ መንገዷ በእናቷ ጉሊት ፊት ለፊት ነው። ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን እናቷን አታያትም። እናትየዋም አታያትም። ልጇ ስትመጣ ከሩቅ ካየች ጎንበስ ብላ ሽንኩርቱን እንደገና መደርደር ትጀምራለች። አጠገቧ የምትሸጠው ሴት «አንቺ! ልጅሽ እኮ ናት ያለፈችው!» ስትላት «አውቃለሁ እታለሜ፤ ከጓደኞቿ ጋር ናት» አለቻት። በዚሁ ዝም አሰኘቻት። ማታ ቤት ሲገናኙ ስለዚህ ነገር እናትም አታነሣም፤ ልጅም አታነሣም።

እስቲ አሁን ይህችን ልጅ በዓይነ ኅሊናችሁ ድንኳኑ ውስጥ አቁሟት። ስሟ በድምፅ ማጉያ ይጠራ። ከሦስተኛ ፎቅ የሚመለከቱት የክፍል ጓደኞቿ ይስሙ። ትወጣለች ወይስ አትወጣም?

አትወጣም። ይህን የምንለው በግምት አይደለም። ከእነዚህ ልጆች አንዷ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰፈራችን ውጭ በተደረገ እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ላይ ቦርሳ ተቀብላ ፎቶግራፍ ተነሥታ ነበር። ፎቶግራፉ በዚያው ሳምንት በየስልኩ ዞረ። የክፍሏ ልጆች ዘንድ ደረሰ። ቅጽል ስምም ወጣላት፤ ስሙን እዚህ አንደግመውም። እስከ ገና ድረስ እንደምንም ታግሣ ሄደች። ከገና ዕረፍት በኋላ አልተመለሰችም። ዛሬ ቁርስ ቤት ውስጥ ሳህን ታጥባለች። ቦርሳውን አሁን ታናሽ ወንድሟ ይይዘዋል፤ የሰጪው ድርጅት ስም የተጻፈበትን ጎን ወደ ውስጥ ገልብጦ።

ታዲያ ለዚያች ልጅ የተሰጠው ምንድን ነው? ቦርሳ ተሰጣት፤ ትምህርት ተወሰደባት። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ሐሳቡን የሚደግፉ ወገኖች የሚሉትን ሰምተናል። ሳንሸሽ እንመልስ።

አንዳንዶች «ስሙ ካልተለጠፈ ገንዘቡ የት እንደገባ በምን እናውቃለን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ አገር ከመዋጮ ገንዘብ ጋር ስንት ሰው እንደጠፋ የማያውቅ የለም፤ የጠየቀ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ገንዘቡን የሚቆጣጠረው ደረሰኝ እንጂ የሕፃን ስም አይደለም። ስንት ብር ተዋጣ፣ ስንት ደርዘን ደብተር በስንት ብር ከየትኛው ሱቅ ተገዛ፣ ስንት ጫማ ታደለ፣ ስንት ቀረ፤ ይህ ሁሉ ከነደረሰኙ ኮፒ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በትልቁ ይለጠፍ! ስም ዝርዝሩን ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ይዩት፤ ከእድሩ አንድ፣ ከትምህርት ንዑስ ኮሚቴ አንድ፣ ከኦዲት አንድ። በየዓመቱም ይለወጡ። የተጠረጠረ ነገር ካለ ኦዲተሩ ራሱ ቤት ድረስ ሄዶ ያረጋግጥ፤ በቀን ሳይሆን አመሻሽ ላይ፣ ፋይል በብብቱ ሳይይዝ። እድራችን ስንት ዓመት ሙሉ የሟች ቤተሰብ ገንዘብ ሲያከፋፍል የማንን ድህነት በአደባባይ አነበበ? የእድር ገንዘብ ለሀብታሙም ለድሀውም እኩል ይሰጣል፤ ሲቀበል ያፈረ ሰውም አይተን አናውቅም። እኩል ስለሆነ ነዋ!

ሌሎች ደግሞ «ለጋሾች የሰጡትን ማየት ይፈልጋሉ» ይላሉ። አንድ ነጋዴ ወንድማችን የሱቃቸው ስም በትልቁ የታተመበት ቦርሳ ለመስጠት ቃል ገብተዋል። ምስጋናችን የላቀ ነው። ነገር ግን ጋሼ፣ ይፍቀዱልንና እንናገር፤ ያ ቦርሳ በልጅ ጀርባ ላይ ሲታዘል ቦርሳ መሆኑ ይቀራል፤ ታርጋ ይሆናል። ከሩቅ ያየው ሁሉ «የተረጂ ልጅ መጣች» ይላል። ወይ ጽሑፉ ይቅርና ቦርሳው ብቻውን ይሰጥ፤ ወይም ደግሞ ለሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ይዳረስ፣ የሀብታሙም ልጅ ይዘለው። ያኔ ማስታወቂያዎ በብዙ እጥፍ ይዞርልዎታል፤ ማንም ልጅ አያፍርም። ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ ምጽዋት በስውር ሲሆን እንደሚበልጥ ከመጽሐፉ ተምሯል። አያቶቻችንም «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት አጉራሽን እንጂ ጎራሽን ለማሳፈር አልነበረም።

ሦስተኛው ወገን ግን ያናድደናል። «ድህነት አያሳፍርም፤ ምን ያስደብቃታል? እኛ በባዶ እግራችን ተምረን ነው እዚህ የደረስነው፤ ትልመደው!» የሚለው ማለታችን ነው። እሺ፤ በባዶ እግራችሁ ተምራችኋል። እናምናለን፤ ከእኛም ውስጥ እንዲሁ የተማሩ አሉ። ግን አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅስ ምን ተጫምቶ ነበር? እሱም በባዶ እግሩ ነበር! ክፍሉ በሙሉ ባዶ እግሩን ከሆነ ባዶ እግር የሚባል ነገር የለም፤ እግር ብቻ ነው ያለው። የዛሬዋን ልጅ የሚያሳፍራት ማጣቷ ብቻ አይደለም፤ ከአርባና ከሃምሳ ልጆች መካከል ለብቻዋ ማጣቷ ነው።

ሰፈራችንም ያኔ የነበረው ሰፈር አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ በቀበሌ ቤት የገባው ጎረቤት ሁሉ ኑሮው ተቀራራቢ ነበር። የአንዱ ጓዳ ለሌላው ክፍት ነበር፤ በርበሬ የጨረሰ ከጎረቤት ይበደራል፤ ልጅ የደረሰበት ቤት ይበላል። ዛሬ በአንድ አጥር ወዲህና ወዲያ ኮንዶሚኒየም፣ ቪላና የቀበሌ ቤት ተፋጠዋል። ልጆቹ ግን አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም መልካም ነው። ግን ልጅ ዓይን አለው። ያያል፤ ያወዳድራል። በዚህ ላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኑሮው ነገር ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል፤ ባለፈው ዓመት የቻለ ቤት ዘንድሮ ሊያቅተው ይችላል። ዛሬ የሚፈርድ ሰው ነገ የእሱ ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ ብትገባስ?

ደግሞስ «ድህነት አያሳፍርም» የሚለው ማነው? ልጁን ሊድር ሲነሣ «የማን ልጅ ናት? ቤታቸውስ?» ብሎ የሚጠይቀው አይደለም? «ከጀርባ ካሉት ልጆች ጋር አትጫወቺ» ያለው የእኛው ሰፈር ሰው አይደለም? ሠርግ ሲደግስ ተበድሮ፣ ወርቅ ተውሶ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ዕዳውን ያልጨረሰው ማነው? ለምን ተበደረ? ማጣቱ እንዳይታወቅበት! ትልቅ ሰው ድህነቱን በድንኳንና በበሬ ሥጋ ሲደብቅ «ወግ ነው» ይባላል፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በባዶ ምሳ ዕቃ ስትደብቅ «ውሸታም» ትባላለች። ኧረ እንተዛዘብ! ልጅቷ ይህን ትምህርት የተማረችው ከእኛ ነው፤ በጥሩ ውጤትም አልፋለች።

ውሸቷን እያሞገስን አይደለም። ውሸት ዋጋ ያስከፍላል፤ ከፋዩም ራሷ ናት። ለማን ምን እንዳለች ሁሉ ማስታወስ አለባት፤ ለእነዚህ ሦስተኛ ፎቅ፣ ለእነዚያ ቤይሩት፣ ለመምህሩ የራስ ምታት። የሒሳብ ቀመር ሊይዝ የሚገባው ጭንቅላት በዚህ ተሞልቷል። ጓደኞቿ ጥናት አብረን እናጥና ሲሏት እምቢ ትላለች፤ ቤቷ ሊመጡ ነዋ። ልደት ሲጠሯት አትሄድም፤ ስጦታ የላትም፤ መልሶ የመጥራትም ዕዳ አለበት። ቀስ እያለች ከሁሉም ትርቃለች። ልትመስላቸው ብላ የጀመረችው መደበቅ መጨረሻው ብቸኝነት ይሆናል። ይህን ያየ ሰው «አጋልጧት» አይልም። የምትደብቅበትን ምክንያት አንሡላት ነው የሚለው። ምሳ ዕቃው ሲሞላ ጾሙ በራሱ ይቀራል።

ስለ ትምህርት ቤትም ዝም አንልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ይሁንና ክፍያው በበር ወጥቶ በመስኮት ሲመለስ እናያለን፤ ለወረቀት፣ ለጥገና፣ ለበዓል፣ ለጉብኝት እየተባለ። መዋጮ ሁሉ ክፉ ነው አላልንም፤ ትምህርት ቤቶቹም ችግር አለባቸው። የምናወግዘው አሰባሰቡን ነው። የክፍል አለቃው ወረቀት ይዞ «ያልከፈላችሁ ቁሙ!» ይላል። ያልከፈለው ይቆማል፤ የከፈለው ቁጭ ብሎ ያያል። ይህ ገንዘብ መሰብሰብ ሳይሆን ድሀን መቁጠር ነው። እንዲህ ያለው ጎጂ ልማድ ባስቸኳይ ሊወገድ ይገባዋል! ያልከፈለ ልጅ ካለ መምህሩ ወላጁን ለብቻው ይጠይቅ። በፖስታ ይሰብሰብ፤ ያለው ያለውን ያድርግ፤ የሌለው ባዶ ፖስታ አሽጎ ይስጥ። አስቸጋሪ ነገር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሙዳየ ምጽዋት ሲያዞሩ ማን ስንት እንደከተተ አይናገሩም።

በሌላ በኩል ደግሞ በደንብ የተሠራውን መመስከር ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ተጀመረ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም በነፃ ታደለ። የዚህ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር ምግቡ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም መሆኑ ነው። ሰልፉ ላይ የቆመው ልጅ ድሀ ስለሆነ አይደለም፤ ተማሪ ስለሆነ ነው። የሾፌሩም የነጋዴውም የጉሊት ሻጯም ልጅ ከአንድ ድስት ትበላለች። ከዚያ በፊት በበጎ አድራጊዎች ተመርጠው የሚበሉ ልጆች በነበሩበት ጊዜ ግን መመረጡ ራሱ ስም ነበር። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ስለ ርዳታ ባይናገር ይሻላል።

ችግሩ ምገባው ሲጀመር ያቀፈው ቅድመ መደበኛንና አንደኛ ደረጃን መሆኑ ነው። ልጅቷ 8ኛ ክፍል ሳለች ከሁሉም ጋር በልታ፣ ከሁሉም ጋር ስቃ ትውል ነበር። ሚኒስትሪ አልፋ 9ኛ ክፍል ስትገባ ምሳው ቀረ። በማለፏ ተራበች ማለት ነው! ባዶው ምሳ ዕቃም የመጣው በዚያ ዓመት ነው፤ ጾሙም በዚያ ዓመት ነው የጀመረው። ስለሆነም እሑድ ዕለት ሌላ ሐሳብ እናቀርባለን። ማኅበራችን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጽፎ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ምገባ እንዲታሰብበት ይጠይቅ። ያ እስኪሆን ድረስ ደግሞ በእድሩ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የጥናት ሰዓት ይከፈት፤ ማንኛውም የሰፈሩ ተማሪ ይምጣ፤ ሽሮና እንጀራ ይኑር፤ ለመጣው ሁሉ ይቅረብ። «ችግረኛ ነኝ» የሚል ፎርም አይሞላም። ሀብታሙ ልጁን ይላክ፤ እንዲያውም አጥብቀን እንለምነዋለን። የእሱ ልጅ ካልበላ የእሷ ልጅ አትበላምና።

ስለ ሕጉ አንድ ቃል እንጨምር፤ እሑድ የሕግ ጥያቄ የሚያነሣ አይጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የክብርና የመልካም ስም መብትን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርና መጠበቅን፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃናትን መብት ይጠብቃል። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 16 ሕፃን የግል ሕይወቱና ክብሩ እንዳይነካ ይላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። የሕፃን ስም ከነቤት ቁጥሩ መንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ ፎቶግራፉንም በየስልኩ መበተን ከእነዚህ ሁሉ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ሐሳብ አቅራቢዎቹ ያስረዱን። እኛ ግን እውነቱን ለመናገር አንቀጽ አላስፈለገንም ነበር፤ ሽንኩርት የምትደረድረዋን እናት ማየት በቂ ነበር።

ለእናቶችና ለአባቶች ደግሞ ይህን እንላለን። ልጆቻችሁ ቤት ገብተው ስለ ሌላ ልጅ ቤት ሲያወሩ ምን እንደምትመልሱ አስተውሉ። «እነሱማ ምን አላቸው» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከምግብ ጠረጴዛ ተነሥታ በማግስቱ ትምህርት ቤት ትደርሳለች። የልደት ኬክ ይዛችሁ ወደ ክፍል የምትሄዱም አስቡበት፤ ልጃችሁ ደስ ይላት፣ ቤታችሁ ደግሱላት፤ በክፍል ውስጥ ግን በመጪው ወር የተወለደችው ልጅ ተራዋን እየቆጠረች እንደምትጨነቅ እወቁ። ትምህርት ቤት ለምን ይህን ይፈቅዳል የሚለውን ከርእሰ መምህሩ ጋር እንነጋገርበታለን።

እሑድ ድምፅ ሲሰጥ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ዝርዝሩ ቢወጣ ስማቸው የሚለጠፍባቸው እናቶች በዚያው አዳራሽ፣ በኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሆናል። እነሱ አይናገሩም፤ ከተናገሩ ይታወቃሉ። ስለሆነም ለእነሱ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። እኛ እንናገራለን፤ ብዙ ሆነን ብንናገር ደግሞ ይሻላል።

እስከዚያው ድረስ ሥራው አይቆምም። የልጁን የጫማ ቁጥርና የክፍል ደረጃ የምትጽፉበት ትንሽ ወረቀት ከእድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል፤ ለሰፈሩ ቤት ሁሉ ታድሏል፤ ያልደረሰው ይውሰድ። የሚያስፈልጋችሁም የማያስፈልጋችሁም ሞልታችሁ መልሱት፤ የማያስፈልጋችሁ «አያስፈልግም» ብላችሁ ጻፉበት። ሁሉም ቤት ወረቀት ከመለሰ ማን ምን እንደጻፈ የሚያውቅ ጎረቤት አይኖርም። ወረቀቱ ታጥፎ በአዳራሹ በር ላይ ባለው የእንጨት ሣጥን ይከተት። ቁልፉ ከሦስቱ ሰዎች ዘንድ ነው። ሣጥኑ የሚከፈተው ጳጉሜን 1 ቀን ማታ ነው፤ ጫማ ደግሞ ቶሎ ካልተገዛ ትንንሹ ቁጥር ያልቃል።

የነዋሪዎች ማኅበር የትምህርት ንዑስ ኮሚቴ